ማልታን ለመጎብኘት፦ የት ማረፍ፣ በምን መጓዝ፣ መቼ መሄድ ይሻላል?

ማልታ በሜድትራንያን ባሕር መካከል፣ ከሲሲሊ በስተደቡብ የምትገኝ፣ ጠቅላላ ስፋቷ 316 ካሬ ኪሎ ሜትር ብቻ የሆነ የደሴቶች አገር ናት። ዋናዋ ደሴት ከጫፍ እስከ ጫፍ 27 ኪሎ ሜትር ያህል ብትረዝም ነው። ካርታውን ያየ ሰው «የትም ባርፍ ሁሉም ቅርብ ነው» ብሎ በዋጋ የቀነሰውን ሆቴል ቢይዝ አይፈረድበትም፤ ነገር ግን ስሌቱ መሬት ላይ አይሠራም። በዚህች ጠባብ ቦታ ከግማሽ ሚሊዮን በላይ ሕዝብ ይኖራል፤ በ2024 ብቻ ደግሞ ከ3 ሚሊዮን ተኩል በላይ ጎብኚ ገብቶባታል (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ባቡር የለም፤ መንገዱ በመኪና የተጨናነቀ ነው፤ 20 ኪሎ ሜትር እንኳ የማይሞላ ጉዞ በአውቶቡስ ከአንድ ሰዓት በላይ ሊፈጅ ይችላል። ስለዚህ ማልታን ሊጎበኝ ያሰበ ሰው ከሁሉ አስቀድሞ መወሰን ያለበት የማደሪያውን ስፍራ ነው። መኪና መከራየት አለመከራየቱ፣ ስንት ቦታ ማየት መቻሉ፣ ማታ ምን ማድረግ እንደሚችል ሁሉ ከዚያ ውሳኔ የሚከተል ነው።

ከመነሣት በፊት፦ ቪዛና የበረራ መንገድ

ማልታ የአውሮፓ ኅብረት አባል የሆነችው በ2004፣ የሸንገን ቀጣናን (በመካከላቸው የድንበር ቁጥጥር የሌለባቸውን አገሮች ማኅበር) የተቀላቀለችው በ2007 መጨረሻ፣ ዩሮን መገበያያዋ ያደረገችው ደግሞ በ2008 መጀመሪያ ነው። በመሆኑም የኢትዮጵያ ፓስፖርት የያዘ ጎብኚ የሸንገን ቪዛ ያስፈልገዋል። ክፍያው ከጁን 2024 ጀምሮ ለአዋቂ 90 ዩሮ ሲሆን ቢያንስ 30,000 ዩሮ የሚሸፍን የጉዞ የሕክምና መድን ይጠየቃል። በዚሁ ላይ የአውሮፓ ኅብረት በኤፕሪል 2024 ኢትዮጵያውያን አመልካቾችን በተመለከተ ባሳለፈው ውሳኔ፣ መደበኛው የ15 ቀን የማመልከቻ ምርመራ ጊዜ ወደ 45 ቀን ከፍ ብሏል፤ ደጋግሞ የሚያስገባ ቪዛ መስጠትም እንዲቆም ተደርጓል። ውሳኔው ጊዜያዊ ተብሎ የወጣ ስለሆነ በሚያመለክቱበት ወቅት የጸና መሆን አለመሆኑን ማጣራት ይገባል። ማመልከቻ ከጉዞው ስድስት ወር ቀደም ብሎ ማስገባት ስለሚቻል፣ ለሴፕቴምበር ጉዞ በሜይ ማመልከት መቸኮል አይባልም።

አንድ ጊዜ ብቻ የሚያስገባ ቪዛ የያዘ ሰው የጉዞውን መስመር በጥንቃቄ ማውጣት አለበት። ከማልታ ተነሥቶ ለንደን ወይም ኢስታንቡል ደርሶ ልመለስ ቢል ቪዛው በዚያው ያበቃል፤ ሲሲሊ ግን የጣሊያን ግዛትና የሸንገን አካል ስለሆነች ሄዶ መመለስ አያሳስበውም። ከማልታ ዋና ከተማ ከቫሌታ ወደ ሲሲሊዋ ፖዛሎ የሚሄደው ፈጣን መርከብ ከሁለት ሰዓት ያነሰ ጊዜ ይወስዳል። ከአዲስ አበባ የሚነሣ መንገደኛ በሮም፣ በቪየና ወይም በፍራንክፈርት በኩል ቢመጣ የድንበር ቁጥጥሩን የሚያልፈው በእነዚያ ከተሞች ነው፤ በኢስታንቡል በኩል ቢመጣ ግን የሚያልፈው ማልታ ሲደርስ ነው። ሁለቱም መንገድ ይሠራል። ሆኖም በሮም በኩል የሚያልፍ ሰው እግረ መንገዱን ከተማዋን ሊያይ ካሰበ፣ ማመልከቻው የሚገባው ብዙ ቀን ለሚቆይበት አገር መሆኑን አይዘንጋ። ሮም አምስት ቀን፣ ማልታ ሦስት ቀን ከሆነ ጉዳዩ የጣሊያን ነው።

የአሜሪካ፣ የካናዳ፣ የእንግሊዝ ወይም የእስራኤል ፓስፖርት ያላቸው በ180 ቀን ውስጥ እስከ 90 ቀን ያለ ቪዛ ይገባሉ፤ ከኦክቶበር 2025 ወዲህ ግን በመጀመሪያው የሸንገን ድንበር ላይ አሻራና ፎቶግራፍ የመስጠት ሥርዓት ተጀምሯል። በጀርመን፣ በጣሊያን ወይም በስዊድን የመኖሪያ ፈቃድ ያላቸው ኢትዮጵያውያን ፈቃዳቸውንና ፓስፖርታቸውን ይዘው መምጣት ይችላሉ። በባሕረ ሰላጤው አገሮች የተሰጠ የመኖሪያ ፈቃድ ግን ከቪዛ ነፃ አያደርግም።

የት ማረፍ ይሻላል?

ዋናውን ደሴት ለመጀመሪያ ጊዜ ለሚያይ፣ ታሪክ ለሚወድና በእግሩ መሄድ ለማይከብደው ሰው ከቫሌታ የሚበልጥ ማረፊያ የለም። ከተማዋ የተመሠረተችው የካቶሊክ ወታደራዊ ማኅበር የሆኑት የቅዱስ ዮሐንስ ፈረሰኞች በ1565 የኦቶማን ቱርኮችን ከበባ ከመከቱ በኋላ፣ በ1566 ሲሆን ከአንድ ካሬ ኪሎ ሜትር ባነሰ ቦታ ላይ በጥንቃቄ የተነደፈች፣ በ1980 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት የተመዘገበች ናት። የደሴቲቱ አውቶቡሶች አብዛኞቹ የሚነሡት ከከተማዋ በር ውጭ ካለው የትራይተን ፏፏቴ ዙሪያ ነው፤ ስለዚህ ቫሌታ ያደረ ሰው ወደ ጥንታዊቷ ባለ ግንብ ከተማ ኢምዲናም ሆነ ወደ ዓሣ አጥማጆቹ መንደር ማርሳሽሎክ ሲሄድ ከመነሻው ተሳፍሮ ወንበር ያገኛል። መካከለኛ ፌርማታ ላይ ቆሞ የሚጠብቀው ግን በሐምሌ ጠራራ «ሞልቷል» የሚል ጽሑፍ የለጠፈ አውቶቡስ ፊቱ ሳይቆም ሲያልፍ ሊመለከት ይችላል። በበጋ (በዚህ ጽሑፍ «በጋ» የምለው በጁላይና በኦገስት አካባቢ ያለውን ሞቃት ወቅት፣ «ክረምት» የምለው ደግሞ ከዲሴምበር እስከ ፌብሩዋሪ አካባቢ ያለውን ቀዝቃዛ ወቅት ነው) ይህ በየቀኑ የሚያጋጥም ነገር ስለሆነ የመነሻው ጥቅም እንደ ቀላል የሚታይ አይደለም።

ሌላው የቫሌታ ጥቅም ማለዳውና ምሽቱ ነው። ከትልልቅ መርከቦች የሚወርዱት የቀን ጎብኚዎች ሳይመጡ ወይም ከሄዱ በኋላ፣ የእንጨት ሰገነቶች በተንጠለጠሉባቸው ቀጥ ያሉ መንገዶች መሄድና ከላይኛው ባራካ የአትክልት ስፍራ ሆኖ ታላቁን ወደብ ማየት የሚቻለው እዚያው ላደረ ሰው ነው። የቅዱስ ዮሐንስ ካቴድራልም በጠዋት ሲገቡት ይሻላል። የካቴድራሉ ወለል ወደ 400 በሚጠጉ ባለ ብዙ ቀለም የእብነ በረድ መቃብሮች የተሸፈነ ነው፤ በየመቃብሩ ላይ የፈረሰኛው አርማ፣ መላእክት፣ አንዳንዴም ማጭድ የያዘ አጽም ተስሏል። ይህን ወለል እንዳይጎዳ በቀጭን ተረከዝ ጫማ መግባት ክልክል ነው፤ ትከሻና ጉልበትን የማይሸፍን ልብስም አይፈቀድም። ካራቫጆ በ1608 የሣለው የመጥምቁ ዮሐንስ አንገት መቆረጥ ሥዕልም እዚሁ፣ መጀመሪያ በተሰቀለበት ሕንፃ ውስጥ ይገኛል። እሑድ ለጎብኚ ዝግ ስለሆነ ቀኑን አስቀድሞ ማስተካከል ያስፈልጋል።

የቫሌታ ጉድለት ደግሞ ደረጃው ነው። ከተማዋ የተሠራችው በኮረብታ ጀርባ ላይ በመሆኑ ወደ ሁለቱ ወደቦች የሚወርዱት መንገዶች በከፊል የድንጋይ ደረጃ ናቸው። ማደሪያዎቹም ብዙዎቹ የታደሱ አሮጌ ቤቶች ስለሆኑ አሳንሰር ላይኖራቸው ይችላል። ጉልበት የሚያማቸው እናት ወይም አባት አብረው ካሉ ክፍል ከመያዝ በፊት አሳንሰር መኖሩንና ታክሲ እስከ በሩ መድረስ መቻሉን ጠይቆ ማረጋገጥ ግድ ነው። የባሕር ዳርቻ አሸዋም የለም፤ ዋጋውም ከሌላው ስፍራ ከፍ ይላል።

ከቫሌታ ማዶ፣ በታላቁ ወደብ ዳር ያሉት «ሦስቱ ከተሞች» ማለትም ቢርጉ፣ ሴንግሌያና ቦርምላ ይህን ችግር በከፊል ይፈታሉ። ፈረሰኞቹ በ1530 ማልታ ሲገቡ መጀመሪያ የሰፈሩት ቢርጉ ነው። ዛሬ ሦስቱም ከቫሌታ ይልቅ ጸጥ ያሉ፣ ሰው የሚኖርባቸው ሰፈሮች ናቸው፤ የታጠበ ልብስ በመስኮት ላይ ይሰጣል፤ አዛውንቶች በራቸው ላይ ወንበር አውጥተው ይቀመጣሉ። ወደ ቫሌታ በጀልባ ወደቡን ማቋረጥ ጥቂት ደቂቃ ይበቃዋል፤ ከጀልባው መውረጃ ደግሞ በ2012 የተከፈተው 58 ሜትር ከፍታ ያለው አሳንሰር በቀጥታ ባራካ ላይ ያወጣል። ጥንቃቄ የሚያሻው የመጨረሻው ጀልባ የሚነሣበት ሰዓት ነው፤ በክረምት ቶሎ ያቆማል፤ ከዚያ በኋላ ወደቡን በየብስ መዞር ነው። እኔ ብጠየቅ፣ በልኩ ገንዘብ ኖሮት ለመጀመሪያ ጊዜ ለሚሄድ አዋቂ ተጓዥ ከቫሌታ ቀጥሎ የምመክረው ቢርጉን ነው።

ስሊማና ሴንት ጁሊያንስ ብዙው ጎብኚ የሚያርፍባቸው ናቸው። የሆቴልና የኪራይ አፓርታማ ምርጫው ሰፊ ነው፤ ሱፐርማርኬቱ፣ ፋርማሲውና ምግብ ቤቱ ከደጅ ነው፤ ከስሊማ ወደ ቫሌታ ጀልባ አለ፤ ምሽት ላይ በባሕሩ ዳር ለኪሎ ሜትሮች የተዘረጋውን የእግር መንገድ ማልታውያን ራሳቸው ከነቤተሰባቸው ይሞሉታል። ለአንድ ሳምንት በጋራ ቤት ተከራይቶ እያበሰለ መቆየት ለሚፈልግ ቤተሰብ ይመቻል። ይሁን እንጂ የባሕር ዳሩ አለት ነው፤ ወደ ውኃው የሚወረደው በብረት መሰላል ስለሆነ ለሕፃናት አይሆንም። የግንባታ ክሬን ያልቆመበት መንገድ ማግኘትም ያስቸግራል። ሴንት ጁሊያንስ ውስጥ ፓቸቪል የሚባለው ሰፈር የጭፈራ ቤት መንደር ነው፤ ወጣት ካልሆኑና ሌሊቱን ለመተኛት ካሰቡ ከዚያ ቢያንስ የአሥር ደቂቃ የእግር መንገድ ይራቁ። በጥቅሉ ስሊማ ምቹ ነው፤ ግን የአገሩን መልክ የሚያሳይ ሰፈር አይደለም።

ልጆች ያሉትና ዋና ፍላጎቱ ባሕር የሆነ ቤተሰብ ወደ ሰሜን፣ ወደ መሊሃ መሄድ አለበት። ከከተማዋ በታች ያለው ዳርቻ በአገሪቱ ረጅሙ አሸዋማ ዳርቻ ሲሆን ውኃው ብዙ ርቀት ድረስ ጥልቀት የለውም። ጎልደን ቤይና አይን ቱፊሃ የተባሉት አሸዋማ ዳርቻዎችም ከዚያ ሩቅ አይደሉም፤ ወደ ሁለተኛዋ ደሴት ወደ ጎዞ የሚሄደው መርከብ መነሻ ቺርኬዋም ቅርብ ነው። የሚያስከፍለው ግን ጊዜ ነው፤ ከመሊሃ ቫሌታን ለማየት ደርሶ መልስ ግማሽ ቀን ይሄዳል። ቡጂባ በሰሜን ርካሹ አማራጭ ነው፤ ከዋጋው ሌላ የሚያስመርጠው ብዙ ነገር የለም። በደቡብ ያለችው ማርሳሽሎክ፣ ዓይን የተሳለባቸው ባለ ቀለም ጀልባዎች የቆሙባት የዓሣ አጥማጆች መንደር፣ እሑድ ለገበያው ሄዶ ዓሣ በልቶ ለመመለስ ጥሩ ናት፤ ማደሪያ ለማድረግ ግን ከሌላው ሁሉ ትርቃለች።

አውቶቡስ፣ ታክሲ ወይስ የኪራይ መኪና?

ከኦክቶበር 2022 ጀምሮ አውቶቡስ ለነዋሪዎች ነፃ ሆኗል፤ ለጎብኚ ግን አይደለም። አንድ ትኬት ከ2 እስከ 2 ዩሮ ተኩል አካባቢ ሲሆን ለሁለት ሰዓት ያገለግላል፤ በዚያ ጊዜ ውስጥ ሌላ አውቶቡስ መቀየር ይቻላል። የሌሊቱና ፈጣኑ መስመር ጥቂት ይጨምራል። በቀን ሁለትና ከዚያ በላይ ጉዞ ለሚያደርግ የሰባት ቀኑ ካርድ ያዋጣል፤ ለአዋቂ 25 ዩሮ ነው። በባንክ ካርድ በማስነካት መክፈል ስለሚቻል ሳንቲም መፈለግ የለም፤ በጥሬ ገንዘብ ለሚከፍል ግን ትልልቅ ኖት አይጠቅምም። አውቶቡስ በየፌርማታው በራሱ አይቆምም፤ ቁጥሩን አይቶ እጅን ማንሣት ያስፈልጋል። ከቫሌታ ወደ ቺርኬዋ 41 እና 42፣ ወደ ኢምዲናና ራባት በሃምሳዎቹ የሚጀምሩት መስመሮች፣ ወደ ማርሳሽሎክ 81 እና 85 ይሄዳሉ። በሰሌዳው ላይ የተጻፈው ሰዓት ተስፋ እንጂ ውል አለመሆኑን አውቆ መነሣት ይበጃል፤ አውሮፕላን ለመድረስ በአውቶቡስ የሚሄድ ሰው ከአንድ ሰዓት ያላነሰ ትርፍ ጊዜ ይያዝ።

በስልክ የሚጠራ ታክሲ በደሴቲቱ ሁሉ አለ፤ ቦልትና ኡበር ይሠራሉ፤ ኢካብስ የሚባል አገር በቀል ድርጅትም አለ። አውሮፕላን ማረፊያው ከቫሌታ ስምንት ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ስለሚርቅ ሻንጣ የያዙ ሦስት አራት ሰዎች ለአውቶቡስ ከሚሰለፉ በታክሲ ቢሄዱ በነፍስ ወከፍ የሚለያየው ጥቂት ነው። ዋጋው በተፈላጊነቱ ስለሚወጣና ስለሚወርድ፣ ዓርብና ቅዳሜ ሌሊት ከፓቸቪል መመለስ ውድ ይሆናል።

የኪራይ መኪና ከሁሉ የሚያታልለው አማራጭ ነው። የቀን ኪራዩ በበይነ መረብ ላይ ርካሽ መስሎ ይታያል፤ የመያዣው ገንዘብና የተጨማሪ መድኑ ነገር የሚነሣው ቁልፍ መረከቢያው ላይ ነው። ማልታ እስከ 1964 በእንግሊዝ ቅኝ ግዛት ሥር ስለነበረች የሚነዳው በግራ ነው፤ አዲስ አበባ፣ ዋሽንግተን ወይም ሪያድ የለመደ እጅ ማርሹን በግራ ሲፈልግ፣ አደባባይ ላይ ወዴት እንደሚዞር ሲያመነታ የመጀመሪያው ቀን በጭንቀት ያልቃል። መንገዶቹ ጠባብ፣ የድንጋዩ ግንብ ከመስታወቱ በጣት ርቀት ላይ ነው። ስሊማ ውስጥ ማቆሚያ መፈለግ ራሱን የቻለ ሥራ ሲሆን ወደ ቫሌታ የሚገባ መኪና ደግሞ በካሜራ ተመዝግቦ ክፍያ ይጠየቃል። ስለዚህ ቫሌታ፣ ቢርጉ ወይም ስሊማ ያረፈ ሰው መኪና አያስፈልገውም ብቻ ሳይሆን ሸክም ይሆንበታል። መሊሃ ላረፈ ቤተሰብ ግን፣ በተለይ አራት ወይም አምስት ከሆኑ፣ ለሁለት ወይም ለሦስት ቀን መከራየት ተገቢ ነው። ጎዞ ላይ መንገዱ ስለሚቀል መኪና ከሁሉ የሚጠቅመው እዚያ ነው፤ መኪናውንም እዚያው ጎዞ ላይ መከራየት በመርከብ ከማሻገር ይመረጣል።

ጎዞ፦ ደርሶ መልስ ወይስ አድሮ መመለስ?

ጎዞ 67 ካሬ ኪሎ ሜትር የሆነች፣ ከዋናዋ ደሴት ይልቅ አረንጓዴና ረጋ ያለች ደሴት ናት። ወደ እርሷ የሚያደርሱ ሁለት መርከቦች አሉ። አንደኛው ከቺርኬዋ ወደ ጎዞ ወደብ ወደ ምጃር ቀንና ሌሊት የሚመላለሰውና መኪና የሚጭነው ነው፤ ጉዞው 25 ደቂቃ ያህል ሲሆን ክፍያ የሚጠየቀው ከጎዞ ሲመለሱ ብቻ ነው፤ ለእግረኛ 5 ዩሮ አይሞላም። ሁለተኛው በ2021 የተጀመረው፣ ከቫሌታ በቀጥታ ምጃር በ45 ደቂቃ የሚያደርሰው ፈጣን መርከብ ነው። ቫሌታ ያረፈ ሰው በአውቶቡስ ቺርኬዋ ለመድረስ ብቻ ከአንድ ሰዓት በላይ ስለሚያጠፋ፣ ፈጣኑ ጥቂት ዩሮ ቢበልጥም ጊዜው ይካሳል። መሊሃ ወይም ቡጂባ ላረፈ ደግሞ ትልቁ መርከብ ይሻላል። ልዩነቱ የሚሰፋው ነፋስ ሲነሣ ነው፤ ፈጣኑ ቶሎ ይሰረዛል፣ ትልቁ ግን አብዛኛውን ጊዜ ይጸናል። ስለዚህ የመመለሻ በረራ ባለበት ቀን ዋዜማ ጎዞ ላይ ማደር ጥንቃቄ የጎደለው ነው፤ ጎዞን በጉዞው መካከል ያድርጉት።

በአንድ ቀን ደርሶ መመለስ የሚፈልግ ሰው ሁለት ነገር ብቻ ይምረጥ። ከምጃር 301 ቁጥር አውቶቡስ ወደ ዋና ከተማዋ ቪክቶሪያ ይወስዳል፤ የደሴቲቱ አውቶቡሶች በሙሉ ማለት ይቻላል የሚነሡትና የሚመለሱት እዚያ ነው፤ አንዱን መንደር አይቶ ወደ ሌላው ለመሻገር ብዙ ጊዜ ቪክቶሪያ ተመልሶ መጠበቅ ግድ ይሆናል። ምሽጓን ቺታዴላንና የጅጋንቲያን ቤተ መቅደሶች ማየት ለአንድ ቀን ይበቃል። ጅጋንቲያ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ3600 ገደማ መሠራት የጀመረ፣ ከግብፅ ፒራሚዶች በብዙ መቶ ዓመታት የሚቀድም የድንጋይ ሕንፃ ነው። ብዙ አሮጌ የጉዞ ፎቶግራፎች ላይ የሚታየው «ሰማያዊው መስኮት» የተባለው የድንጋይ ቅስት ግን በማርች 8 ቀን 2017 በማዕበል ፈርሷል፤ ቅስቱ የነበረባት ድዌይራ ለአለቱና በዋሻ ከባሕሩ ጋር ለተገናኘው ሐይቅ ሲባል አሁንም የምትታይ ስፍራ ናት።

ሁለት ሌሊት ማደር የሚችል ሰው ግን ፍጹም ሌላ ጎዞ ያገኛል። ከሰዓት በኋላ ጎብኚው ወደ መርከቡ ሲጎርፍ የራምላ ዳርቻ ቀላ ያለ አሸዋ ባዶ ይሆናል፤ ሽሌንዲ በምትባለው የባሕር ዳር መንደር ውስጥ ከውኃው ጠርዝ ላይ በተዘረጋ ጠረጴዛ እራት መብላት ይቻላል፤ በሰሜን ዳርቻ፣ ከማርሳልፎርን አለፍ ብሎ፣ ከአለቱ ተፈልፍለው የወጡት የጨው ገበታዎች በበጋ ዛሬም ጨው ይመረትባቸዋል። የድሮ የገበሬ ቤቶች ከነዋና ገንዳቸው በጋራ ይከራያሉ፤ ከተለያየ አገር መጥተው ማልታ ላይ ለሚገናኙ ቤተሰቦች ይህ ከሆቴል ይልቅ ይስማማል፤ ሁሉም በአንድ ማዕድ ይቀመጣል፣ ቡናውም ሳይቸኩል ይፈላል። እንግዲህ ሰባት ቀን ያለው ሰው አራቱን ወይም አምስቱን ቫሌታ ወይም ቢርጉ፣ ቀሪዎቹን ጎዞ ቢያደርግ ከማንኛውም የአንድ ሆቴል ሳምንት ይሻለዋል ባይ ነኝ።

ወቅቱ

ጁላይና ኦገስት ሙቀቱ ከ30 ዲግሪ በላይ የሚወጣበት፣ ዋጋውም ሕዝቡም ጣሪያ የሚነካበት ጊዜ ነው። በአንጻሩ መንደሮች የደጋፊ ቅዱሳናቸውን በዓል በርችትና በማርሽ ባንድ የሚያከብሩት በበጋ ስለሆነ፣ ይህን ማየት የሚሻ ሰው ሙቀቱን ችሎ ይመጣል። ሴፕቴምበርና ኦክቶበር ከሁሉ የሚመረጡ ናቸው፤ ባሕሩ የበጋውን ሙቀት ይዞ ይቆያል፣ ልጆች ግን ትምህርት ቤት ገብተዋል። ሜይም ለእግር ጉዞ ጥሩ ነው፤ ባሕሩ ግን ገና ቀዝቃዛ ነው። ከዲሴምበር እስከ ፌብሩዋሪ ዋጋው ይወድቃል፤ ቀኑ 15 ዲግሪ አካባቢ ስለሚሆን ካፖርት የሚያስለብስ ብርድ አይመስልም፤ ነገር ግን የድንጋይ ቤቶቹ እርጥበት ስለሚይዙና ማሞቂያ ብዙም ስለሌላቸው ብርዱ ከደጅ ይልቅ ቤት ውስጥ ይሰማል። በክረምት የሚከራይ ሰው ክፍሉ ማሞቂያ እንዳለው ይጠይቅ።

ለምእመናን ክረምቱን የሚያስመርጥ አንድ ቀን አለ። በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 28 ላይ ቅዱስ ጳውሎስ መርከቡ ተሰብሮ የደረሰባት ደሴት መላጥያ ይቺው ማልታ እንደሆነች ይታመናል፤ በዓሉም ፌብሩዋሪ 10 ቀን ቫሌታ ውስጥ በታላቅ ሥርዓት ይከበራል። በስሙ በተሠራው የቫሌታ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ የሐዋርያው የእጅ አንጓ አጥንት እንደሆነ የሚታመን ቅርስ ተቀምጧል፤ ራባት ውስጥ ደግሞ ተቀምጦበታል የሚባለው ዋሻ አለ። በሌላ ወቅት የሚሄድ ሰውም ሁለቱን ማየት ይችላል።

ምግብና ትናንሽ ጉዳዮች

እንግሊዝኛ ከማልትኛ ጋር የመንግሥት ቋንቋ ስለሆነ መግባባት አያስቸግርም። ማልትኛ ከዐረብኛ የመነጨ፣ በላቲን ፊደል የሚጻፍ ቋንቋ ነው፤ ቤይሩት ወይም ጅዳ የኖረ ሰው አውቶቡስ ውስጥ ብዙ የሚያውቃቸውን ቃላት ይሰማል። የኤሌክትሪክ ሶኬቱ ባለ ሦስት ጠፍጣፋ እግር የእንግሊዝ ዓይነት ነው፤ ከዱባይ ወይም ከዶሃ ለሚመጣ ይገጥመዋል፣ ከአዲስ አበባ ለሚመጣ ግን ማገናኛ ያስፈልገዋል። የቧንቧው ውኃ በአብዛኛው ከባሕር የተጣራ ነው፤ ይጠጣል፣ ጣዕሙ ስለማይወደድ ግን ሕዝቡ የታሸገ ይገዛል። በጠርሙሱ ላይ የሚከፈለው 10 ሳንቲም ባዶውን በየሱፐርማርኬቱ ደጅ ላለው ማሽን ሲሰጡ ይመለሳል።

በርካሽ ለመጥገብ ፓስቲዚ አለ፤ እንደ ሳምቡሳ በእጅ የሚበላ፣ በአይብ ወይም በተፈጨ አተር የተሞላ፣ ንብርብሩ ሲነከስ የሚፈረፈር የምድጃ ምግብ ሲሆን ዋጋው ከአንድ ዩሮ ብዙም አይርቅም። የሚጾም ሰው የአተሩን ከማዘዙ በፊት ሊጡ በምን ቅባት እንደተሠራ ይጠይቅ፤ አንዳንድ ቤት የእንስሳ ስብ ይገባበታል። የአገሩ ዝነኛ ወጥ ጥንቸል መሆኑንም አውቆ መግባት ጥሩ ነው፤ በዝርዝሩ ላይ «ፈነክ» ይባላል።

አስቀድሞ የሚያዝና የማይያዝ

ኮሚኖ በምትባለው ትንሽ ደሴት ላይ ያለው «ሰማያዊ ላጉን» የተባለው የመዋኛ ስፍራ በውኃው ጥራት የታወቀ ነው፤ በበጋ ግን እግር መርገጫ ይታጣበታል። ከ2025 ጀምሮ በበይነ መረብ ሰዓት መያዝ ግዴታ ሆኗል፤ ክፍያ የለውም። የጠዋቱን ሰዓት ማግኘት ያልቻለ ሰው ቀኑን አይን ቱፊሃ ቢያሳልፍ ብዙ አልቀረበትም።

ከሁሉ አስቸጋሪው የሃል ሳፍሊኒ ሃይፖጅየም ነው። ፓውላ ከተማ ሥር፣ ከአለት ተፈልፍሎ የተሠራ ከአምስት ሺህ ዓመት በላይ ዕድሜ ያለው የምድር ውስጥ መቃብር ሲሆን፣ ሰው በሚተነፍሰው አየር ግድግዳው እንዳይጎዳ በአንድ ጊዜ 10 ሰው ብቻ ይገባል፤ ከስድስት ዓመት በታች ያሉ ልጆች አይፈቀድላቸውም። በበጋ ትኬቱ ከሳምንታት፣ አንዳንዴም ከወራት በፊት ያልቃል። ቪዛ የማያስፈልገው ጎብኚ የጉዞው ቀን እንደተቆረጠ፣ ሆቴል ከመያዙም በፊት፣ ይህን ትኬት ይግዛ። ቪዛ ጠባቂ ግን በሌላ ሁኔታ ላይ ነው፤ 45 ቀን ሊወስድ የሚችል ውሳኔ ሳይታወቅ የማይመለስ ገንዘብ መክፈል አይገባውም። ለእርሱ የሚሻለው ማመልከቻውን በሚሰረዝ የሆቴል ቦታ አስገብቶ፣ ፓስፖርቱ በእጁ ሲገባ ትኬት ካለ መግዛት፣ ከሌለም ሃጃር ኢምንና ኢምናይድራን ማየት ነው። እነዚህ ሁለት ቤተ መቅደሶች ከቫሌታ በ74 ቁጥር አውቶቡስ የሚደረስባቸው፣ በባሕር ትይዩ ገደል ላይ በትልቅ ድንኳን ጥላ ሥር የቆሙ ሲሆኑ ትኬታቸው በር ላይ ይገኛል።